ከቅርጫቱ ሥር ያለው ሰው

ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ ልንጽፍ ነው። ጽሑፎቻችንን ለዓመታት የተከታተላችሁ ትገረሙ ይሆናል። እኛም ብንሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢነገረን አናምንም ነበር። እኛ ያደግነው በእግር ኳስ ነው፣ ያውም በካልሲ ኳስ። ቅርጫት ኳስ ማለት ለእኛ በትምህርት ቤት ግቢ ጥግ የቆመ፣ መረቡ የተበጣጠሰ ብረት ነበር። ቁመቱ የረዘመ ልጅ ሁሉ "አንተማ ቅርጫት ኳስ ተጫወት" ይባላል፤ ስለ ጨዋታው ከዚያ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በጩኸት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የምታመልከው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ከአሜሪካውያን ወንድሞች በተከራየችው ሕንፃ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ አሮጌ ጂም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ከጂሙ አጠገብ ባለው ክፍል ለጸሎትና ለስብሰባ እንቀመጣለን፤ ልጆቻችን ከግድግዳው ማዶ ይጫወታሉ። አንድ ቅዳሜ ኳሱ ግድግዳውን እየደበደበ፣ ልጆቹም እየጮኹ አላስጸልይ አሉን። ተቆጥተን ተነሣን። የዕለቱ የጸሎት ርእሳችን "ወጣቶቻችን ከቤተ ክርስቲያን እየጠፉ ስለ መሆናቸው" ነበር። ብትስቁብን አንቀየማችሁም።

ጂሙ በር ላይ የሕንፃው ጠባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ሰባውን ያለፉ፣ ባልቲሞር ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ለምን እንደመጣን ከፊታችን አነበቡ መሰለን። "ፓስተር፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ተቀመጡና አንድ ነገር ላሳያችሁ" አሉን። ሽማግሌ ተቀመጡ ሲል እምቢ አይባልም፤ ተቀመጥን።

ያሳዩን ከመካከላችን የአንዱን ልጅ ነው። ዕድሜው 15፣ ቁመቱ ግን በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ነው። ተጋጣሚ ቡድን ወርውሮ ሲስት ከብረቱ የተመለሰው ኳስ ሁሉ እጁ ላይ ይወድቃል። አራቱ ጓደኞቹ ይህን ስለሚያውቁ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ይሮጣሉ። እርሱ ግን ኳሱን ወደ ሆዱ ያወርድና ማንጠር ይጀምራል። ሦስት አጫጭር ልጆች እንደ ንብ ይከቡትና ኳሱን ከእጁ ይነጥቁታል። የሮጡት አራቱ እጃቸውን አውርደው ይመለሳሉ። እንደገና ይሮጣሉ፤ እንደገና ይመለሳሉ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ መሮጣቸውን ተዉት። አባቱ አብሮን ተቀምጦ "አንተው አግባው! ለማንም አትስጥ!" እያለ ይጮህ ነበር።

ጠባቂው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህ ልጅ ኳስ መያዝ ያውቃል፤ መልቀቅ ግን ማንም አላስተማረውም" አሉ። ከዚያም "ለመሆኑ ዌስን ታውቁታላችሁ?" ብለው ጠየቁን። አናውቅም ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ አካባቢ ኖረን፣ ላንዶቨር ባለው አውራ ጎዳና ስንት ጊዜ ተመላልሰን፣ የዚያን ሰው ስም ሰምተን አናውቅም። ካፒታል ሴንተር የተባለው የቡድኑ ስታዲየም የነበረው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈርሶ ቦታው የገበያ ማዕከል ሆነ።

ዌስ አንሰልድ ባልቲሞር ቡሌትስን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡድኑ ወደ ላንዶቨር ሲዛወር አብሮ ተዛወረ፤ ዛሬ ዋሽንግተን ዊዛርድስ የሚባለው ያው ቡድን ነው። የሚጫወተው ሴንተር ነበር፤ ማለትም ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ከረጃጅሞቹ ጋር የሚጋፋው ሰው። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ግንብ ነው፤ ለዚያ ቦታ ግን አጭር ነበር። ይጋፋቸው የነበሩት ዊልት ቻምበርሌይን 2 ሜትር ከ16፣ ካሪም አብዱል ጀባር 2 ሜትር ከ18 ነበሩ። ቡሌትስ እርሱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት 36 ጨዋታ አሸንፎ 46 ተሸንፎ ነበር። እርሱ በመጣበት ዓመት 57 አሸንፎ 25 ብቻ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጀማሪም፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ሁለቱን ክብር በአንድ ዓመት የወሰደ ከእርሱ በፊት ቻምበርሌይን ብቻ ነው፤ ከእርሱ በኋላም ማንም የለም።

ታዲያ ይህ ሰው ስንት ነጥብ ያገባ ነበር? በዚያ የክብር ዓመት በአማካይ 13.8። ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ቡድኑ ሲያትልን በሰባተኛው ጨዋታ 105 ለ99 አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው አንሰልድ ነው። በእነዚያ ሰባት ጨዋታዎች ያገባው በአማካይ 9 ነጥብ ብቻ ነበር። ዕውቀቱ ሌላ ቦታ ነበር።

ጠባቂው ያንን ዕውቀት ሊያሳዩን ከወንበራቸው ተነሡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ግን ተነሡ። ረጅሙን ልጅ ጠርተው ኳሱን ወደ ሰሌዳው እየወረወሩ ያስይዙት ጀመር። እኛም ያን ዕለት ያየነውን፣ በኋላም ደጋግመን ጠይቀን የተረዳነውን እንነግራችኋለን፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡን።

ፋስት ብሬክ የሚሉት፣ የእግር ኳስ ጋዜጠኞቻችን "ፈጣን መልሶ ማጥቃት" የሚሉት ዓይነት ነገር ነው። ተጋጣሚው ወርውሮ ሲስት ተጫዋቾቹ ወደ ፊት እንዳደሉ ናቸው። ወደ ኋላ ተመልሰው ቅርጫታቸውን ለመጠበቅ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ይፈልጋሉ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ኳሱ ሜዳውን ከተሻገረ ማንም አይከላከለውም። ተመልካቹ የሚያየው መጨረሻውን ነው፤ ፈጣኑ ልጅ በአየር ላይ ተንሳፎ ሲያገባ። ሩጫው የሚጀምረው ግን ከሌላኛው ቅርጫት ሥር፣ ማንም በማያየው ግፊያ ውስጥ ነው።

ግዙፉ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ለተጋጣሚው ሰጥቶ ቦታውን ይይዛል። ኳሱን በሁለት እጁ ይይዝና ከአገጩ በታች አያወርደውም፤ ወገቡ ጋር ካወረደው ትንንሾቹ ይቀሙታል። እግሩ መሬት ሳይነካ፣ ገና በአየር ላይ ሳለ፣ ሰውነቱን ወደ ሜዳው ዳር ማዞር ይጀምራል። ከመዝለሉ በፊት ጓደኛው የት እንዳለ አይቶ ጨርሷል። ሲያርፍ ወዲያው ይወረውረዋል፤ አንዴ እንኳ አያነጥረውም። አንዴ ማንጠር ማለት ለተጋጣሚው አንድ እርምጃ በስጦታ መስጠት ነው። "ከመካከላችሁ የቱ ነው ከተወረወረ ኳስ ፈጥኖ የሚሮጥ?" ብለው ጠየቁ ጠባቂው። ይህን ውርወራ አውትሌት ፓስ ይሉታል። አንሰልድ ከራሱ ቅርጫት ሥር ቆሞ በደረቱ ገፍቶ የማዶውን ሰሌዳ መምታት ይችል ነበር ይባላል፤ ሜዳው ከ28 ሜትር በላይ ነው። ደግሞ የዚህ ሁሉ ውርወራ በጨዋታው መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያገባው ነጥብ ይጻፍለታል። የመጨረሻውን ኳስ ያቀበለውም ይጻፍለታል። ሩጫውን ያስጀመረችው የመጀመሪያዋ ውርወራ ግን ስም የላትም።

ከአንሰልድ በፊት ይህን ያስተማረው የቦስተኑ ቢል ራስል ነው። በ13 ዓመት 11 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ብዙዎች የተጋጣሚን ውርወራ ሲከላከሉ ኳሱን በጥፊ መትተው ተመልካቹ መካከል ይጥሉታል። ሕዝቡ ይጮኻል፤ ኳሱ ግን ተመልሶ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ራስል ግን ኳሱ ከሜዳ ሳይወጣ ለጓደኞቹ እንዲደርስ አድርጎ ቀስ ብሎ ይነካው ነበር። ከዚያ ቦብ ኩዚ ይዞት ይበራል። ጭብጨባን ትቶ ኳሱን ማትረፍ፤ እኛ መድረክ ላይ የምንቆም ሰዎች ይህን ነገር ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል።

ኳሱን ከለቀቀ በኋላም ግዙፉ ሰው ቆሞ አያይም። ይሮጣል። ኳሱ ተመልሶ እንደማይሰጠው እያወቀ በመካከል ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ ተከላካዮቹ እርሱን ፈርተው ወደ መሐል ሲሰበሰቡ በዳር ያሉት ልጆች ነጻ ይሆናሉ። አንሰልድ ይህን ሁሉ ለ13 ዓመት ያደረገው አብዛኛውን ጊዜ በታመሙ ጉልበቶች ነው።

ያን ቀን ወደ ክፍላችን ስንመለስ ማንም አልተናገረም። የጸሎት ርእሱ ሰሌዳው ላይ እንደተጻፈ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ማጥፊያውን አንሥቶ፣ "ወጣቶቻችን እየጠፉ" የሚለውን አጥፍቶ፣ ምንም ሳይጽፍበት ተቀመጠ። ሁላችንም ስለ ማን እያሰበ እንደሆነ አውቀን ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ የ24 ዓመት ወንድም ሁለት ገጽ ጽፎ ይዞልን መጥቶ ነበር። እዚህ ተወልደው አማርኛ ስብከት ለማይገባቸው ልጆች በእንግሊዝኛ የሚመራ ጉባኤ እንጀምር የሚል ነው። አብረውት የሚያገለግሉትን ስም፣ የሚያስተምሩትን ርእስ፣ የሚያስፈልጋቸውን ክፍል ሳይቀር ዘርዝሯል። እኛም "እንጸልይበት" አልነው። ይህች ቃል ቅድስት ቃል ናት። ግን ስንት ጊዜ "አይሆንም" ለማለት እንደተጠቀምንባት ጌታ ያውቃል። ጸለይን። ኮሚቴ አቋቋምን። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ንዑስ ኮሚቴው ጥናት አቀረበ፤ ጥናቱን ለማጥናት ሌላ ቀጠሮ ያዝን። እጁን ዘርግቶ እየሮጠ ይመለሳል፤ በየዓመቱ ይመለሳል። በአራተኛው ዓመት ከ11 ወጣቶች ጋር ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አልተጣላም፤ አንድ በአንድ አቅፎን ነው የሄደው። ከ11ዱ አንዷ በሕፃንነቷ በእጃችን ይዘን ለጌታ የሰጠናት፣ የአንዳችን ልጅ ናት። እናቷ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሳትጠጣ በጓሮ በር ትወጣ ነበር።

ኳሱን ለምን ያዝነው? ለራሳችን የነገርነው ምክንያት አማርኛው ይጠፋል፣ ትምህርቱ ይበረዛል፣ ልጆቹ ገና ናቸው የሚል ነበር። ሥጋቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። እኛም ይህችን ቤተ ክርስቲያን በነጻ አላገኘናትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ አፓርታማ ሳሎን በዘጠኝ ሰው ስንጀምር ከመካከላችን ታክሲ የሚነዳ፣ ሌሊት ፓርኪንግ የሚጠብቅ፣ ቀን ተምሮ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ ነበር። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያስተረጎምን፣ ዘመድ ለሌለው አስከሬን ገንዘብ ያሰባሰብን፣ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሶፋችን ላይ ያሳደርን እኛ ነን። ከሰሌዳው ሥር የነበረው ግፊያ ያ ነበር፤ ዛሬም አናፍርበትም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ካልን፣ ኳሱ በእጃችን ሲሆን ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኛ ይመለከታል። ያን ወድደነው ነበር።

በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን አንድ መምህር የሐዋርያት ሥራን ሲያስተምሩን በርናባስና ጳውሎስ አብረው በተጠሩበት ቦታ ሁሉ ማን እንደሚቀድም በቀይ እርሳስ እንድናሰምር አድርገውናል። አስምረናል፣ በፈተናም ጽፈን ጥሩ ውጤት አግኝተናል፤ ትርጉሙ የገባን ግን ጂም ውስጥ ነው። በምዕራፍ 11 እና በምዕራፍ 13 መጀመሪያ ላይ የሚቀድመው በርናባስ ነው። ከቆጵሮስ ሲነሡ ግን ሉቃስ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ጳውሎስ ይቀድማል፤ በርናባስ በስም እንኳ ሳይጠራ ከጓደኞቹ መካከል የሚቆጠርበት ቦታ አለ። ስለዚህ ነገር በርናባስ አጉረመረመ የሚል አንዲት ቃል አናገኝም። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ስታድግ፣ ሥራው ሁሉ በእጁ ሳለ፣ ትቶ ሳውልን ፍለጋ ወደ ጠርሴስ የሄደው ራሱ በርናባስ ነው።

ጠባቂው ያሳዩንን ካየን በኋላ ግን ሌላም ነገር ገባን። ሪባውንድ ማለት የሳተ ኳስ ነው። ከሰሌዳው ሥር ያለው ሰው የሚይዘው ሌላው ወርውሮ የሳተውን፣ ብረቱ የመለሰውን ነው። ሳውል ከደማስቆ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ፈርተውት ሲሸሹ እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያስገባው በርናባስ ነው። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ በጉዞው መካከል ጥሎ ተመልሶ፣ ጳውሎስ ዳግመኛ አልወስደውም ሲል፣ ይዞት ወደ ቆጵሮስ የሄደውም በርናባስ ነው። በርናባስ ሁለቴ ከብረቱ የተመለሰ ኳስ ያዘ፤ ሁለቴም ለቀቀው። ጳውሎስ በመጨረሻው ዘመኑ ከእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ማለቱን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ የበርናባስ ስም በመልእክቱ ውስጥ የለም።

ይህን ካየን በኋላ ኮሚቴ አላቋቋምንም። ያን ወንድም ፍለጋ ሄድን። አግብቶ ልጅ ወልዷል። ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ቡና እያፈላች ነበር፤ እንደምንመጣ ደውለን ነበርና። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ይቅርታ ጠየቅነው። ምክንያት አላቀረብንም፤ ለማቅረብ ግን ምላሳችንን ሲያሳክከን ነበር። ልጁን እያባበለ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ጋሼ፣ ይቅር ብያችኋለሁ፤ ግን አልመለስም። እዚያ አገልግሎት አለኝ፤ ልጆቹም ሥር ሰድደዋል" አለን። ሳውልን ከጠርሴስ ይዘን እንመለሳለን ብለን ነበር የሄድነው። ተነሥተን ልንሸኝ ስንል ግን በሩ ላይ፣ "እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ያለችውን ግን ታውቋታላችሁ?" ብሎ አንዲት እህት ስም ጠራ።

እናውቃታለን፤ ማለትም እሑድ እሑድ ከኋላ ቆማ የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር የምታሳየውን። ነርስ ናት፣ 26 ዓመቷ። የምናውቅላት ነገር ቢኖር አርፍዳ እንደማታውቅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ማታ ከሥራ መልስ 14 የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች በዙም ሰብስባ የያዕቆብን መልእክት፣ ከዚያም የሮሜን መጽሐፍ ስታስጠና መኖሯን አናውቅም ነበር። የራሳችን ልጆች መኝታ ቤታቸው በር ዘግተው ሲያወሩ ጨዋታ መስሎን "ዝጉት፣ ነገ ትምህርት አለ" እያልን የተቆጣነው እርሷን ሲሰሙ ነው።

ጠርተን ስናነጋግራት ፈራች፤ የተሳሳተች መስሏት። "ፓስተር፣ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ" አለች። ክፍሉን፣ ሰዓቱን፣ ከበጀቱም ድርሻውን እንደምንሰጣት ስንነግራት አላመነችም። "ኮሚቴ አለው?" ብላ ጠየቀች። ሳቅን፤ የሳቃችን ግማሹ ግን ሕመም ነበር።

ኳስ በጭፍን አይወረወርም፤ ይህንንም ጠባቂው ደጋግመው ነግረውናል። አንሰልድ ከመዝለሉ በፊት ያይ ነበር። ያላየ ሰው የወረወረው ለተጋጣሚ ይደርሳል። ስለዚህ በየማክሰኞው ከመካከላችን አንዱ ከእርሷና ከረዳቶቿ ጋር ተቀምጦ የሳምንቱን ክፍል አብሮ ያነባል፤ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፣ ያልገባንን ይነግሩናል። ለወጣቶችም አንድ ነገር እንበል፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ። ኳሱ ገና በአየር ላይ ሳለ አምስቱም ወደ ፊት ከሮጡ ከሰሌዳው ሥር የሚጋፋ አይኖርም፤ ሩጫም አይኖርም። አሮጊቶቹ እናቶች በሌሊት የሚያደርጉትን ጸሎት "ያረጀ ነገር" ብላችሁ አትለፉት። እናንተ የምትሮጡበት ኳስ ከዚያ ግፊያ የወጣ ነው።

ረጅሙ ልጅ እስካሁን እየተማረ ነው። የመጀመሪያውን ረጅም አውትሌት ፓስ ሲወረውር ጓደኛውን አልፎ የጂሙን የግድግዳ ሰዓት መታው፤ አባቱ የሰዓቱን ዋጋ ከፈለ። ጠባቂው ግን በጣም ተደሰቱ፤ "ቢያንስ ለቀቀው!" አሉ። በሌላ ቀን ስለ ኬቨን ላቭ ነገሩት። የዚህ ተጫዋች መካከለኛ ስሙ ዌስሊ ነው፤ አባቱ ስታን ላቭ በባልቲሞር ከአንሰልድ ጋር ተጫውቶ ነበርና በእርሱ ስም ሰየመው። ልጁም አድጎ በዘመኑ በአውትሌት ፓስ ከታወቁት አንዱ ሆነ። አንሰልድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሲያርፍ ኳሱ ገና እየተወረወረ ነበር ማለት ነው። ረጅሙ ልጅ ይህን ከሰማ ወዲህ የመገናኛ ቡድናቸውን ስም "ዌስ" ብሎታል፤ እናቱ የማን ስም እንደሆነ ትጠይቀን ነበር።

የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ጉባኤ በተደረገበት እሑድ እኛ ወንበር ደርድረን ከኋላ ተቀመጥን። ወንበር የደረደርነው እኛ መሆናችንን የጻፍነው ለመመስገን አይደለም፤ ወገባችንን ስላመመን ነው። 40 የሚሆኑ ልጆች መጡ። ዓመት ሙሉ ያላየናቸው ነበሩባቸው። ከስብከቱ ግማሹ አልገባንም፤ በጣም ፈጥና ትናገራለች። ስትጨርስ ወደ እኛ እየተመለከተች "አሁን ለአባቶቻችን በአማርኛ ልጸልይ" አለች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው። ጌታ ጉልበታችንን "እንዲያጠነክር" ለማለት ፈልጋ "እንዲያደክም" አለች፤ ልጆቹም ሳይገባቸው በአንድ ድምፅ አሜን አሉ።

ከመካከላችን አንዱ ሊያርማት እጁን አነሣ። አጠገቡ የተቀመጠው፣ የረጅሙ ልጅ አባት፣ ክንዱን ይዞ ቀስ ብሎ አወረደው።

እኛም አሜን አልን።